ሰማንያ ስድስተኛው

ኮች ሃግውድ ሰው ሲያባርሩ አይጮሁም። ጩኸታቸው ለሚፈልጉት ተጫዋች ነው፤ የሚፈልጉትን ልጅ ዘር ማንዘሩን አንስተው ሜዳውን ያናውጡታል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ወንበር ስበው፣ «ልጄ፣ እስቲ ቁጭ በል» ካሉ ግን የዚያ ሰው ነገር አብቅቷል። በዚያ የሚሲሲፒ ኮሌጅ ቡድን ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ኮርዴል ፕሪዊትም በደንብ ያውቅ ነበርና፣ በመጋቢት ማለቂያ አንድ ከሰዓት ተጠርቶ ቢሮ ሲገባ ወንበሩ አስቀድሞ ተስቦ ቢያይ በሩ ላይ ቆመ።

ኮርዴል ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ በር የሚሞላ፣ አረማመዱ ቀስ ያለ ልጅ። እግር ኳስ ይበሉት እንጂ ኳሱ የሚሄደው በእጅ ነው፣ የኮርዴል ሥራ ደግሞ በእጅም በእግርም ኳሱን መንካት አይደለም። መስመር ላይ አጎንብሶ ይቆምና ከፊቱ የሚመጣበትን ሰው ይገፋል። በቃ። ሌላው ሮጦ ነጥብ ያገባል፣ ሌላው ይጨበጨብለታል። ባለፈው ጥቅምት ሦስት ሰው ተደራርቦበት የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የብርዱን ወራት ሙሉ እንደ ሕፃን መራመድ ተማረ። በየካቲት የቡድኑ ሐኪም ዶክተር ፌልፕስ ጉልበቱን አጥፈው ዘርግተው «ከቀድሞው ይሻላል» ብለውታል። ኮርዴል ያን ቀን መኪናው ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ አልቅሷል፤ ከዚህ ጨዋታ በቀር እኔ ነኝ የሚለው ነገር ስለሌለው።

ኮች የጀመሩት ግን ከጉልበቱ አልነበረም። ስለ ቶሊ ጠየቁት።

ቶሊቨር ግሪስም የኮርዴል የማደሪያ ክፍል ጓደኛ ነው፤ ከቴኔሲ ተራሮች የወረደ፣ ቀይ ጢም ያለው፣ ሲስቅ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ልጅ። ሕጉ ያኔ ለአንድ ቡድን ሰማንያ አምስት ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር የሚፈቅደው፤ ከዚያ የተረፈው በራሱ ወጪ ይጫወታል። እንዲህ ያሉትን ልጆቹ «ከፋይ» ይሏቸዋል። ከፋይ ከሌላው እኩል ይሮጣል፣ እኩል ይደማል፣ ትምህርቱን ግን ራሱ ይችላል። ቶሊ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ መጋዘን ሄዶ የጭነት መኪና እያራገፈ ነው የተማረው። አሁን ግን አቅቶታል፤ ሚያዝያ ሲያልቅ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ነው።

«ለሱ ስኮላርሺፕ ብሰጠው ምን ይመስልሃል?» አሉ ኮች።

ኮርዴል ትንፋሹ ተመለሰ። ለዚህ ነው የተጠራሁት ብሎ ደስ አለው፤ አፉም ተፈታ። ቶሊ በሕመም እንኳ አንድ ቀን ልምምድ ቀርቶ እንደማያውቅ፣ ታናናሾቹን አሰላለፍ የሚያስጠናው እሱ መሆኑን፣ በመስመሩ መሐል ከሱ የተሻለ ሰው እንደሌለ ዘረዘረ። «ኮች፣ በዚህ ቡድን ውስጥ ከሱ በላይ የሚገባው የለም» አለ።

ኮች አንገታቸውን ነቀነቁ። «እኔም የማስበው እንደዚሁ ነው፣ ልጄ። ችግሬ ቦታ ነው።»

ችግራቸው የገዛ እጃቸው ሥራ ነበር። በየዓመቱ ከሚለቁት በላይ አዲስ ልጅ ያስፈርማሉ፤ አንዱ ፈተና ይወድቃል፣ አንዱ እናቱ ትናፍቀዋለች፣ አንዱ ሌላ ቡድን ይሄዳል ብለው። ብዙ ጊዜ ያሉት ይደርሳል። የዘንድሮዎቹ ግን እንደ መዥገር ተጣበቁ። የወደቀም የናፈቀም ጠፋ፤ ሰማንያ አምስቱ ጢም ብሎ ሞላ።

ለዚህም መላ አለው አሉ ኮች። ኮርዴል ጉልበቴ ከእንግዲህ ለጨዋታ አይሆንም ብሎ ለሐኪሙ ይናገራል፣ ይፈርማል። ትምህርቱ አይነካም፣ አልጋውም ምግቡም አይነካም። በሕመም የተሰናበተ ሰው ከሰማንያ አምስቱ አይቆጠርም፤ ቦታው ለሌላ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ግን በዚህ ኮሌጅ ማልያ አይለብስም።

«ጉልበቴ እኮ ድኗል» አለ ኮርዴል።

«ዛሬ አዎ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ነገህ ነው።»

አልፈርምም ቢልስ? ኮች ይህንንም በለሆሳስ አስረዱት። ስኮላርሺፑ የአንድ ዓመት ነው፤ በየሐምሌው የሚታደሰው በኮች ብዕር ነው፣ ብዕር ደግሞ አንዳንዴ ይደርቃል። ሌላ ቡድን ልሞክር ካለም በሩ ክፍት ነው፤ የተሰፋ ጉልበት ይዞ ማን እንደሚቀበለው እሱው ያውቃል። እያንዳንዱን በር ከፍተው እያሳዩ ሁሉንም ዘጉበት። የፀደይ ልምምዱ እስኪያልቅ አስብበት ብለው አቀፉት፤ የአፍተር ሼቭ ሽቷቸው እስከ ማደሪያው ድረስ ሸሚዙ ላይ አብሮት ሄደ።

ቶሊ ያን ቀን ክፍላቸው ውስጥ ሞርታዴላ እየጠበሰ ነበር፤ ምድጃ ክልክል በሆነበት ሕንፃ፣ መስኮቱን ከፍቶ። «ምን ሆነሃል? ዕቁብ የተበላበት ሰው ትመስላለህ» ሊለው የሚችልበት አገር ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ይለው ነበር፤ ያለው ግን «ፊትህ እንደዚህ ሆኖ ከገባህ ሁለተኛውን ቁራሽ እኔው ልብላው» ነው። ኮርዴል ደክሞኛል ብሎ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ሊነግረው አልቻለም። ቢነግረው ቶሊ «በጓደኛዬ አጥንት ላይ የሚሠራ ቤት አልገባም» ብሎ በማግስቱ ጓዙን ይሸክማል፤ እንዲህ ያለ ግትር ነው። ያኔ ቶሊን ያባረረው ኮርዴል ይሆናል። ዝም ብሎ ቦታውን አልለቅም ቢልም ያው ኮርዴል ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ እዚያው ተኝቶ የዘይቱን መንጫጫት እየሰማ፣ ምንም የማያውቀውን ልጅ ጠላው። ምናለ ወደ አገሩ ቢሄድ አለ በልቡ። ወዲያው ደግሞ በራሱ አፈረ።

እናቱ ኧርሊን ዴልታ በሚሉት የሚሲሲፒ ሜዳማ አገር ባለ የዓሣ ፋብሪካ ቆማ ዓሣ ስትቆርጥ የምትውል ሴት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ የሥራ ጓደኞቿ ሳሎኗ ተሰብስበው ቴሌቪዥን ላይ ኳሱን ሳይሆን ክምሩን ያያሉ፤ ከሰው ክምር ሥር የኮርዴል ማልያ፣ ስልሳ አራት ቁጥር፣ ሲወጣ እልል ይላሉ። ኮርዴል እሑድ ደወለላትና ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ሲያወሩ ቆይተው፣ እንደ ዋዛ አድርጎ ኳሱን ትቼ ትምህርቴን ብቻ ብይዝስ አላት።

«ትምህርቱ ካለ እኔ ምን ቸገረኝ» አለች እናቱ። «አንተ ግን ምን ትሆናለህ፣ የኔ ልጅ?»

ካርዴ ሊያልቅ ነው ብሎ ዘጋ።

ያኔ ቆረጠ፤ በአፍ የማይሆነውን በሥራ አሳያለሁ አለ። በፀደይ ልምምድ ጠባብ መተላለፊያ የሚሉት ነገር አለ፤ ሁለት ሰው በሁለት ወፍራም ከረጢት መሐል ፊት ለፊት ተፋጥጦ አንዱ ሌላውን ገፍቶ ያስወጣል። መሸሻ የለውም። ኮርዴልን ከጆርጂያ በብዙ ልመና ከመጣ አዲስ ፈራሚ ጋር አቆሙት፤ ልጁ በቁመት ይበልጠዋል። ፉጨቱ ሲነፋ ኮርዴል በቀኝ እግሩ ተነሥቶ ሥሩ ገባና እንደ ቁም ሣጥን እየገፋ ወስዶ ሣሩ ላይ ዘረረው። ልጁ በድንገት ነው አለ። ደገሙት፤ ያው ሆነ። ሠለሱት፤ ልጁ የራስ ቁሩን አውልቆ ወረወረ። ጉልበቱ አንድም ጊዜ አልጠዘጠዘውም።

የመስመሩ አሰልጣኝ አቶ ኦትስ «ስልሳ አራት! አንተ ሰነፍ፣ እስከ ዛሬ የት ተጋድመህ ከረምክ!» ብለው በወዲያ ማዶ ያለው ሁሉ እስኪሰማ ተሳደቡ። ኮርዴል ፊቱ በራ። በዚያ ሜዳ ላይ እንደ ስድብ ያለ የምሥራች የለም። ላቡን እየጠረገ ኮች ሃግውድን ፈለጋቸው፤ ከመስመሩ ውጪ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመዋል። በአጠገባቸው ሲያልፍ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ጎበዝ፣ ልጄ» አሉት፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ልምምዱ ባለቀ ዕለት ቡድኑ በሙሉ ስብሰባ አዳራሽ ተጠራ። በዚህ አገር ለከፋይ ስኮላርሺፕ ሲሰጥ በጓዳ አይሰጥም፤ አስደንግጦ፣ አስለቅሶ፣ በካሜራ ቀርፆ ነው። ልጆቹ የሌሎች ኮሌጆችን ቪዲዮ እያዩ ያለቅሱ ነበር። እናም ኮች ፊታቸውን አጨፍግገው «ግሪስም፣ ተነሥ! ያለ ፈቃድ በምድጃ የሚጠብስ አንተ ነህ?» ሲሉ ግማሹ ገባው፤ ቶሊ ግን አልገባውም። እንደ ሎሚ ቢጫ ሆኖ ተነሣ። መብራቱ ጠፋ፣ ሸራው ላይ አንዲት ቀይ ፀጉሯ የሸበተ ሴት መጣች፤ እናቱ ናት። የወጥ ቤት ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ፣ የምታነበው ጽሑፍ ያለ ይመስል አንዴ ወደ ጎን እያየች፣ «ቶሊ፣ ከእንግዲህ ጎህ ሳይቀድ መጋዘን የለም» አለች። ከዚያ የተሰጣትን ረስታ ፊቷን በፎጣ ሸፈነች።

አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ሰው በሰው ላይ ወጣ። ቀድሞ የደረሰው ኮርዴል ነበር፤ አጠገቡ ስለነበረ፣ ደግሞም ስለሚወደው። አንሥቶ አቀፈው፣ እግሩ ከመሬት ተነሣ። ነገሩ የገባው እዚያው፣ ልጁን እንደታቀፈ ነው። እሱ ገና አልፈረመም። ወንበሩ ሰማንያ አምስት ነው፤ ሰዎቹ አሁን ሰማንያ ስድስት ሆነዋል። በቶሊ ትከሻ ላይ ሲመለከት ኮች ወደ ካሜራው አልነበረም የሚያዩት፤ ወደሱ ነበር።

«ወንድሜ፣ በመስከረም እኔ መሐል፣ አንተ ቀኝ» አለው ቶሊ በእንባ ጆሮው ሥር። «እስቲ ማን ያልፈናል?»

ኮርዴል ኮችን ኮሪደሩ ላይ ደረሰባቸው። ንዴቱን አልደበቀም። «ኮች፣ እኔ እሺ አላልኩም እኮ።»

«ይገባዋል ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«የኔን ይውሰድ አላልኩም።»

«እሺ» አሉ ኮች፤ ጭራሽ አልተቆጡም። «ስህተት ነው ካልክ ግባና ንገረው። ሁሉም እዚያው ናቸው፣ ካሜራውም አልተነቀለም።»

በሩን ራሳቸው ከፍተው ያዙለት።

ኮርዴል ገባ። አፉን ለመክፈት ነበር የገባው፤ ይህን ማንም አይውሰድበት። ግን ቶሊ ሰውን እየገፋ መጣና ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈለት፤ እናቴ አንተን ካላናገርኩ አለች ብሎ። ሴትዮዋ ድምፅዋ ተቆራርጧል። ልጇ በየሳምንቱ ስለሱ እንደሚያወራላት፣ ልተወው ባለ ጊዜ ሁሉ ያስቀረው ኮርዴል መሆኑን እንደምታውቅ ነገረችው፤ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ያንተም እናት በልጅዋ ትደሰት አለችው። ሰማንያ ስንቱ ጎረምሳ ዙሪያውን ይጨፍራል። ቶሊ አፍጥጦ ያየዋል፣ ምን አለችህ ለማለት።

«ምንም አይደል፣ እናቴ» አለ ኮርዴል።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተር ፌልፕስ ክፍል ሄደ። ሕጉ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ልጁ ያመኛል ማለት አለበት፣ ሐኪሙ መርምሮ ማረጋገጥ አለበት። ዶክተሩ ስለ ዝናቡ አንሥተው ጥቂት አወሩ፤ ጓንታቸውን አጠለቁ፤ በየካቲት ያሉትን የሚያስታውሱ አይመስሉም፣ ዓይኑንም አላዩትም። ኮርዴል ሱሪውን እንደለበሰ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጎንበስ ብለው በሁለት አውራ ጣታቸው ጉልበቱን ተጫኑት።

የተጫኑት ግራውን ነበር። ቢላ ያልነካውን፣ ከተወለደ ጀምሮ አንድ ቀን አሞት የማያውቀውን።

ኮርዴል ይነቃሉ ብሎ ጠበቀ። አንድ ቃል ቢናገር ዶክተሩ አፍረው ይቅርታ ብለው ወደ ቀኙ ይዞሩ ነበር፤ ከዚያም ያንኑ ይጠይቁታል፣ እሱም ያንኑ ይመልሳል። ከግድግዳው ወዲያ ቶሊ ክብደት እያነሣ ለልጆቹ ቀልድ ሲያወራ ይሰማል። አልተናደደም፤ ንዴቱ ትናንት አልቋል። ሰው የቱ እግሩ እንደታመመ እንኳ ሳይታወቅ የሚሸኝ መሆኑ ብቻ አንጀቱን በላው።

«እዚህ ጋ ያምሃል?» አሉ ዶክተሩ።

«አዎ» አለ ኮርዴል፣ «በጣም ያመኛል።»

ዶክተር ፌልፕስ ጻፉ። ሌላኛውን ሳይነኩም ጓንታቸውን አወለቁ።