የሚበራና የማይበራ

መመሪያው አጭር ነው፦ ተሰክቶ ከበራ ንብረት፣ ካልበራ ቆሻሻ። ቆሻሻ ደግሞ መኪና ላይ ይጫናል። ክፉ መመሪያ አይደለም። ወንዝ ዳር መዳብ ለመልቀም የሚቃጠለው ሽቦ ጭሱ ሰፈሩን ሁሉ ሲያስለው ኖሯል፤ የማይሠራ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከየሱቁ ለመሰብሰብ ስቀጠር ደስ ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ሱቅ የአክስቴ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

አክስቴ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ትጠግናለች። እኔንም ያሳደገችኝ በዚሁ ሥራ ነው። ሱቋ ውስጥ የሚሠራ ዕቃ የለም፤ የሚሠራ ዕቃ ማን ጥገና ያመጣል?

"የሰው አደራ ነው" አለችኝ። "ዛሬ ብትጭነው ነገ ማን አምኖኝ ያመጣል? ሱቁን ዝጊ በለኝና ይለይልን።"

"አክስቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? መመሪያ ነው።"

"እሺ፣ ሰካው።"

የመጀመሪያውን ሬዲዮ ሰካሁ፤ አልበራም። ቴሌቪዥኑን ስሰካ የጣሪያው አምፖል ጠፋ፣ የጎረቤቱ አናጺ መጋዝም ዝም አለ። መብራት ሄደ።

መላ ቅጡ ጠፋኝ። ቴሌቪዥኑ አልበራም፤ አምፖሉም እኮ አልበራም። እሱም ቆሻሻ ሊሆን ነው? አለቃዬ ጋ ደወልኩ።

"በራ?" አለኝ።

"አልበራም፣ ግን መብራት…"

"ካልበራ ጫን" ብሎ ዘጋው።

ሾፌራችን፣ በችኮላው "አስቸኳይ" የምንለው፣ ሞተር አስነስቶ ሲጠብቅ ነበር። ወርዶ ገባ። "ወንድሜ፣ ምን ይገትርሃል? አልበራም ተባለ አይደል?" አለና ቴሌቪዥኑን አቀፈው።

አክስቴ ከወንበሯ አልተነሳችም። የቀዘቀዘ መበየጃዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"አንተ እኮ አራት ዓመት እስኪሞላህ አፍህን አልፈታህም" አለችኝ። "ሰው ሁሉ ይሄ ልጅ አይሆንልሽም ሲለኝ፣ መኪና ላይ አልጫንኩህም።"

አስቸኳይ ቴሌቪዥኑን እንዳቀፈ አፍጥጦ ያየኛል። መመሪያው ልክ ነው፤ ጭሱም አለ። አክስቴም አልዋሸችም። የቱን እንደምይዝ አላወቅሁም፤ አፈርኩ።

"አስቀምጠው" አልኩት።

"እስከ መቼ?"

"መብራት እስኪመጣ።"

"መጥቶስ ባይበራ?"

በርጩማ ስቤ ከአክስቴ አጠገብ ተቀመጥኩና የሬዲዮውን ክዳን በጥፍሬ መነካካት ጀመርኩ። መፍቻውን አቀበለችኝ።