የሕዝቅያስ ኪንታሮት

በሐዋሳ መሃል ከተማ ሴራሚክና ቀለም የሚሸጠው ሕዝቅያስ መድኃኒቱን የማያውቀው በሽታ አልነበረም። ለጨጓራ ተልባ፣ ለደም ግፊት ነጭ ሽንኩርት፣ ለወገብ ሕመም ጸሎትና ጠንካራ ፍራሽ ያዛል። ቀለም ሊገዛ የገባ ሁሉ ሳይጠይቅ ምክር ተመርቆለት ይወጣል። ታዲያ በገዛ ብልቱ ላይ ሽምብራ የሚያክሉ ነገሮች ብቅ ብቅ ሲሉ ያ ሁሉ ዕውቀት አገር ጥሎ ጠፋ።

መጀመሪያ ዝም አላቸው። እነሱም ዝም ሲባሉ እንግድነታቸውን ረስተው ዘመድ ጠሩ። ተጠጋግተው አበባ ጎመን መምሰል ሲጀምሩ ሕዝቅያስ የሱቅ ጎረቤቱን ኑሪን ወደ ጓዳ ስቦ፣ “ኪንታሮት ሳይዘኝ አይቀርም” ሲል አንሾካሾከ።

ኑሪ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስለሚውል የፊንጢጣ ኪንታሮት ከያዘው ቆይቷል። አምሳያ በማግኘቱ ፊቱ በራ።

“አብሽር! ይኼ እኮ የነጋዴ ሕመም ነው። በርበሬ ተው፣ ፓፓያ ብላ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጨው ጨምረህ ተቀመጥ።”

ሕዝቅያስ ቦታው ሌላ መሆኑን መናገር አፈረ። አማርኛም ለፊቱም ለኋላውም ሕመም አንድ ስም ሰጥቶ ገመናውን ሸፈነለት። ስለዚህ በትጋት ፓፓያ በላ፤ በትጋት ሳፋ ውስጥ ተቀመጠ። ሳያት የምትባለው ሚስቱ የቀረበለትን ቀይ ወጥ ሲገፋ አይታ፣ “ምን ሆነሃል?” ስትለው፣ “ሰውነቴን እየተቆጣጠርኩ ነው” ይላል። ያልተቆጣጠረው የትኛውን የሰውነቱን ክፍል እንደሆነ ግን አልነገራትም።

ፓፓያው ሳይሠራ ሲቀር ከከተማው ዳር ቱላ ድረስ ወርዶ አንድ ሥር ማሽ ዘንድ ቀረበ። ሰውዬው ሳያይ፣ ሳይጠይቅ ቅባት ሰጠው፤ ይህም ለሕዝቅያስ ታላቅ ችሎታ መስሎ ታየው። ቅባቱ እውነትም ኃይለኛ ነበር። ደህናውን ቆዳ ልጦ ኪንታሮቱን በክብር አስቀመጠው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን መቀመጥ አቅቶት አምልኮው እስኪያልቅ ቆሞ ዋለ። ከኋላው የነበሩ እናቶች፣ “እንዴት ያለ መሰጠት ነው!” ብለው ተደነቁበት፤ አንዷ እናትማ አለቀሱ።

በማግስቱ፣ የሚያውቀው ሰው እንዳይገጥመው ብሎ ሐይቅ ዳር ወደሚገኝ ክሊኒክ ሄደ። ሐኪሟ ሴት ሆና አገኛት፤ ዶክተር ደብሪቱ ትባላለች። ተመልሶ እንዳይወጣ ሕመሙ አላራመደውም።

“ኪንታሮት ነው” አላት ጣሪያውን እያየ።

ከመረመረችው በኋላ፣ “ልክ ነዎት፣ ኪንታሮት ነው። ያኛው የመቀመጫው ግን አይደለም” አለች። “ይኼ የብልት ኪንታሮት ነው። የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በቆዳ ንክኪ ነው የሚተላለፈው።”

“የሆቴል ሽንት ቤት ተጠቅሜ ነበር...”

“ምስኪን ሽንት ቤት!” አለች ጓንቷን እያወለቀች። “እዚህ የተቀመጠ ሰው ሁሉ በሱ ነው የሚያላክከው።”

“እንግዲያው ሚስቴ ናት ያመጣችብኝ!”

“ወይም እርስዎ ያመጡባት። ቫይረሱ ምልክት ሳያሳይ ለወራት፣ ለዓመታትም ሊደበቅ ይችላል። ማን ለማን እንደሰጠ የሚናገር ምርመራ የለም። ከጋብቻ በፊትስ?”

ሕዝቅያስ ምስክርነት በሰጠ ቁጥር፣ “ጌታ ከብዙ ነገር አወጣኝ” ይላል። ጉባኤውም “አሜን” ይላል። ብዙው ነገር ምን እንደሆነ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም። አሁን ግን ብዙው ነገር ፊቱ ተደረደረ፤ ስም ያላቸውም፣ ስማቸውን ጠይቆ የማያውቃቸውም ነበሩበት።

ዶክተር ደብሪቱ ቁስሉ እስኪሽር ጠብቃ ኪንታሮቱን ቆዳን በሚያቀዘቅዝ መድኃኒት ብርድ እያደረቀች ማንሳት ጀመረች። “ቫይረሱን ጠርጎ የሚያወጣ መድኃኒት የለም” አለችው። “ኪንታሮቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ከመጣ እርስዎም ተመልሰው ይምጡ፤ ቱላ ግን አይሂዱ። እስኪድኑ ከግንኙነት ይቆጠቡ። ኮንዶም ይረዳል፤ ሁሉን ቆዳ ስለማይሸፍን ግን መቶ በመቶ አይከላከልም። ባለቤትዎንም ይዘዋቸው ይምጡ።”

የመጨረሻዋ ቃል ከብርዱ በላይ አቃጠለችው።

ማታ ከሳያት ጋር ለብቻቸው ሲሆኑ ከሩቅ ጀመረ። “ቫይረስ ማለት፣ ሳያትዬ፣ በዓይን የማይታይ ረቂቅ...”

“ሕዝቅያስ፣ ስብከቱን ዝለለውና ፍሬውን ንገረኝ።”

ነገራት። ከጋብቻ በፊት የነበረውንም ነገራት።

“ልንጋባ ስንል ተመርምረን ነበር” አለች ሳያት።

“ያ ለኤች አይ ቪ ነው። ይኼን አያሳይም።”

“እኔ እኮ ሰሞኑን ጠባይህ ሲለወጥ ሌላ ሴት ይዞ ነው ብዬ...” ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። “ተመስገን ልበል ወይስ ላልቅስ፣ አላውቅም።”

ሕዝቅያስ ምክሩን ትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። እሷም ተነሽ ተነሽ ቢላት አልተነሳችም።

ክሊኒክ ሄዳ ስትታይ ኪንታሮት አልተገኘባትም። የማህፀን በር ምርመራም አድርጋ ደህና ነሽ ተባለች። ካንሰር የሚያመጣውና ኪንታሮት የሚያመጣው የቫይረሱ ዓይነት የተለያየ መሆኑን ሐኪሟ አስረዳቻት። ሳያት ስለ ልጃቸው ስለ ኢያኤል ጠየቀች።

“የዚህ ቫይረስ መከላከያ ክትባት በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ እንዳያመልጣት” አለች ዶክተር ደብሪቱ። “ዋና ሥራው ከማህፀን በር ካንሰር መከላከል ነው፤ እንደ ክትባቱ ዓይነት ከኪንታሮቱም ይጠብቃል።”

የሕዝቅያስ ኪንታሮት ረገፈ፤ ጥቂቱ ናፍቆት ተመልሶ መጣ፤ እንደገና ታክሞ ሄደ። በዚህ መሃል ከኢያኤል ትምህርት ቤት ለወላጆች ስብሰባ ተጠሩ። ስለ ክትባቱ ሲነሳ አንድ አባት ብድግ ብለው፣ “ልጆቻችንን ሊያመክኑብን ነው! ደግሞስ የኛ ልጆች ጨዋ ናቸው፣ ምን ያደርግላቸዋል?” አሉ። ግማሹ ሰው አጨበጨበ። ድሮ ቢሆን ሕዝቅያስም ያጨበጭብ ነበር። ሳያት በክርኗ ጎሸመችው።

ተነሳ። “ያመክናል የሚባለው ወሬ ነው። ልጆቻችን ጨዋ ናቸው፣ እሺ። ነገ የሚያገቧቸው ወንዶች ዛሬ የት እንደሚውሉ የሚያውቅ አለ?”

ሰውዬው ግን፣ “ይቅርታ፣ እርስዎ ቀለም ሻጩ አይደሉም እንዴ? ይኼን በምን አወቁ?” አሉት።

ሕዝቅያስ ጉሮሮውን ጠረገ። “አንብቤ ነው።”

ሳያት አፏን በሻርፗ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አጠገቧ የነበሩ እናት ያለቀሰች መስሏቸው፣ “አይዞሽ ልጄ፣ ጎበዝ ተናጋሪ ነው” አሏት።

ኢያኤል ተከተበች። የተወጋችው ግራ ክንዷን ነበር፤ “እጄን አመመኝ” ብላ ግን በቀኟ የምትጽፈውን የቤት ሥራ አባቷን አሠራችው።