ዶቅማ የያዘው ዳር

ባሌ ግንበኛ ነው፤ እጁን ስሚንቶ፣ ምላሱን ቀልድ አይለቀውም። ወንዙ ዳር ቤት ሲሠራልን፣ ዳሩን ሞልተውት የነበሩትን የዶቅማ ዛፎች ለጣሪያ ወራጅ ብሎ ቆረጣቸው። እንጨታቸው ጠንካራ ነው። አንዷን ብቻ ለእናቱ ብሎ ተዋት፤ ፍሬዋን ይወዳሉ።

አማቴ እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ከጓዳ አይወጡም። አልጋቸው ዛፏ ባለችበት በኩል ካለው ግድግዳ ጋር ተጠግቷል። ጥቁሩን ፍሬ እየመጠጡ ዘሩን በመስኮት ይተፋሉ። ሆዴን ሲቆርጠኝ ደግሞ ልጡን ቀቅዬ እንድጠጣ ያዙኛል፤ «ትንሽ ብቻ፣ ሲበዛ ይገድላል» እያሉ።

«ዶቅማ ውሃ ይወዳል» ይሉታል ልጃቸውን፤ «ዳሩን ይዞ የኖረውም ሥሩ ነው። ምነው ባልቆረጥከው!»

«እማዬ ደግሞ! የእኔ ግንብ ከሥር ያንሳል?»

ዘንድሮ ዝናቡ ሲበረታ የጓዳው ወለል ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ጥፍሬ ነበር የሚገባበት፤ ቆይቶ ጣቴ ገባ። ባሌ በስሚንቶ ደፈነው፤ ከጎኑ ሌላ ተከፈተ። እናትህን ወደ ሳሎን እናምጣቸው ስለው፣ «ግንበኛው የራሱን ቤት ፈርቶ እናቱን አሸሸ ይበሉኝ?» ብሎ ሳቀብኝ። ኩራት እራት ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ እኛ ቤት ግን በላተኛው ራሱ ኩራቱ ነው ብዬ ተቃጠልኩ።

ሰኞ ከሰዓት አማቴ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ከአልጋዬ ሥር የሆነ ነገር ቋ ይላል።»

ተንበርክኬ ጆሮዬን ወለሉ ላይ ለጠፍኩ። የሚበጠሰው የዛፏ ሥር ነበር።

«እማማ፣ መጣሁ!» ብዬ፣ ብቻዬን ስለማልሸከማቸው ባሌን ልጠራ ወደ ግቢ ሮጥኩ። እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል፣ ወንዙ ከላይ የዘነበውን ይዞ ያጓራል። ዛፏ ወደ ውሃው ዘምማ፣ ያልበሰለው ሳይቀር ፍሬዋን ታረግፋለች። ባሌ ይህን ሲያይ ቀልዱ ጠፋው።

«እማዬ!» እያለ ገባ፤ ተከተልኩት። የጓዳው ደፍ ላይ ስንደርስ ወለሉ ለሁለት ተከፈለ። ውሃው ከሥር ይታያል። አማቴ ከማዶ፣ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። ልጃቸው ሊዘል ተንደረደረ። እሳቸው ግን የሚያዩት እኔን ነበር።

«ያዢው! አንቺ ልጅ፣ ልጄን ያዢልኝ!»

ከኋላው ወገቡን አቅፌ ያዝኩት። በክርኑ ጎኔን መታኝ። እጄን ነከሰኝ። በእናትሽ ልቀቂኝ ብሎ እንደ ሕፃን ለመነኝ። አልጋው ከነአማቴ ወደ ውሃው መንሸራተት ጀመረ፤ እኔም እያለቀስኩ፣ አልለቀቅኩትም።