የኋላ ጎማው ንፋስ

አባቷ የትራክተሩን ጎማዎች እንደ ከበሮ እስኪወጠሩ ድረስ ነበር የሚነፏቸው። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ሾፌርነት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ስለ ጎማ ማንም እንዲነግራቸው አይፈልጉም።

የምታርሰው ግን ልጃቸው ናት። መሬቱ ዝናብ ከጠጣ በኋላ የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት እየተሽከረከሩ ጭቃውን ይፈጩታል እንጂ ማረሻው ፈቅ አይልም። ማሳው ሳይጋመስ ናፍታው ያልቃል።

«አባዬ፣ ንፋሱን ትንሽ ብንቀንስለት መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይይዝ ነበር እኮ» አለቻቸው።

«አንቺ ሳትወለጂ መሪ ይዣለሁ!» አሏት። በዚሁ ወሬው ተዘጋ።

ማሳው ዳር ስትደርስ ወርዳ ንፋሱን ቀነሰችው። ጎማው ሆዱን አስፍቶ መሬቱ ላይ ተኛ። ትራክተሩም ሳያቃስት ማረሻውን ይጎትት ጀመር። በየምሽቱ ወደ ቤት ከመመለሷ በፊት መልሳ እየነፋች አባቷ ሳያውቁ ሰነበተች። እሳቸውም የተረፈውን ናፍታ እያዩ ፊታቸው ፈታ አለ።

«ማደያው ውሃ መቀላቀሉን ትቷል ማለት ነው!»

የመጨረሻውን ማሳ አርሳ የጨረሰች ቀን ዝናቡ አላፈናፍን አላት። ወገቧም ዝሎ ነበር። ነገ እነፋዋለሁ ብላ ገብታ ተኛች።

ጠዋት ስትነሳ ትራክተሩ የለም። አባቷ በተሳቢው ድንች ጭነው ገበያ ወጥተዋል። በባዶ እግሯ እስከ አስፋልቱ ሮጠች፤ አልደረሰችባቸውም። የአስፋልቱ ኩርባ ላይ ሲደርሱ የላላው ጎማ ጭነቱን መሸከም አቅቶት ወደ ጎን ታጥፎ ከብረት ቸርኬው ወጣ። ተሳቢው ከኋላ ሲገፋው ትራክተሩ ተገለበጠ። የአባቷ እግር ከሥሩ ቀረ።

ሐኪሞቹ ከጉልበታቸው በታች ቆረጡት። የወለቀውን ጎማ ያየው ጎሚስታ ሊጠይቃቸው ሆስፒታል መጣ።

«ጋሼ፣ ጎማው እኮ ንፋስ አልነበረውም። ማነው ያወረደው?»

ልጅቷ አፏን ስትከፍት አባቷ ቀደሟት።

«እኔ ነኝ። ማሳው ላይ ያዝ እንዲያደርግልኝ ብዬ።»

ሰውዬው ሲወጣ በሩ እስኪዘጋ ጠበቁ። ከዚያ «ለምን አልነገርሽኝም?» አሏት።

«አይሰሙኝም ብዬ ነው።»

«አልሰማሽም ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ብቻ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ገና ትራክተር እየነዳሽ እንጀራ ትበያለሽ።»

ቤት ከገቡ በኋላ ስለ ትራክተሩ አንድም ቀን አላነሱም። እሷ ምግብ ታቀርባለች፤ እሳቸው ያመሰግናሉ።

አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ ሁለት ሰዎች ከፊቷ ያወራሉ።

«ሰውዬው ጃጅተዋል እኮ፤ ያ ሁሉ ሾፌርነት መና ቀረ። ጎማ እንኳ አልታይ ብሏቸው!»

«ልጅቷ ነድታው ቢሆን ኖሮ ሊገድሏት ነበር በለኛ።»

ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ሰዎቹ ዞር ብለው ሲያይዋት አፈሩና ተራቸውን ለቀቁላት። አስፈጭታ ዱቄቷን ተሸክማ፣ ንፋሱን ያወረደችው እሷ መሆኗን ሳትናገር ወጣች።