ኤርቪን የሚተነፍስበት ቤት

ኤርቪን ሠላሳ አንድ ዓመት ከመሬት በታች ከሰል ሲቆፍር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ ደረት ሙሉ ብናኝ ይዞ ወጣ። ሰዓቱን ላገኘው ሰው ሁሉ ያሳያል። ብናኙን ማሳየት አላስፈለገውም፤ ሳሉ ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል።

በዛብዥ ከተማ በረዶው ከወረደ ጀምሮ እስኪቀልጥ ድረስ ሰው የሚተነፍሰው ጭስ ነው። በቀይ ጡብ የተሠሩት የማዕድን ሠራተኞች ቤቶች በከሰል ይሞቃሉ፤ ከሰል ያጠረው ደግሞ እጁ የገባውን ይማግዳል። ከታቻቸው የሚኖረው ጎረቤት ሆርስት በዚያ ሰሞን የሟች አክስቱን ቁም ሳጥን ከነቀለሙ እየፈለጠ ያነድ ነበር። የኤርቪን ሚስት ትሩዳ ወርዳ ብትለምነው፣ "እኔስ በብርድ ልሙት?" አላት። እውነቱን ነው። ወጥታ የመስኮቱን ስንጥቅ በእርጥብ ፎጣ ጠቀጠቀችው።

ኤርቪን አንድ መሸሻ ነበረው። በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ርቆ፣ ጎረቤት ከተማ ውስጥ፣ ትልቅ የመስታወት ቤት አለ፤ ውስጡ ሙዝ፣ ካካዎና ጣሪያ የሚነካ ዘንባባ የሞላበት ጫካ ነው። ውጭ ኩሬው ድንጋይ ሆኖ ሳለ እዚያ የገባ ሰው የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ባልና ሚስቱ ስድስት ክረምት ሙሉ በየማክሰኞው ሄደዋል። ኤርቪን በገባ በአሥር ደቂቃው ደረቱ ላላ ይላል፣ ከንፈሩ ቀለሙን ያገኛል፣ ወሬውም ይጀምረዋል። "ሐኪሞቹ የማያውቁት መድኃኒት" ይለዋል። ሐኪሞቹማ ያውቁት ነበር። ለትሩዳ ለብቻዋ፣ "ያሳርፈዋል እንጂ አያድነውም" ብለው ነግረዋት ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ከመስታወቱ ቤት የሚበልጥ ተስፋ መጥቶ ነበር። አንድያ ልጃቸው ዶሮታ ከባሏ ከፌርሚን ጋር ብርድ በማያውቅ የስፔን ደሴት ላይ ትኖራለች። በበጋው ልትጠይቃቸው መጥታ የአባቷን አተነፋፈስ ስትሰማ አለቀሰችና፣ "ከገና በኋላ ሁለታችሁም ትመጣላችሁ። ክፍል አለኝ" አለች። ኤርቪን ይህን ይዞ ኖረ። ሻንጣውን በጥቅምት አዘጋጀ። ሃያ ዓመት ያራባቸውን እርግቦች ሳይቀር ለሆርስት ሰጠ። "ባሕር ዳር እርግብ ምን ያደርግልኛል?" አለ፤ ያን ቀን ግን ምሳ አልበላም።

ገና አለፈ። ገናን ተከትሎ የሚመጣው የሦስቱ ነገሥታት በዓልም አለፈ። ዶሮታ አልደወለችም።

በጥር አጋማሽ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ እንደ ልማዳቸው ወጡ። ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል። ከአውቶቡሱ ወርደው እስከ መስታወቱ ቤት ድረስ ያለው መንገድ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ኤርቪን አራት ጊዜ ቆመ። በቆመ ቁጥር የሆነ ነገር የሚያይ ይመስል ነበር፤ አንዴ የቁራ ጎጆ፣ አንዴ የተሰበረ አጥር። ትሩዳም አብራው ታያለች።

በሩ ላይ ትኬት የምትቆርጠው ወይዘሮ ሎንጊና በመስኮቷ ብቅ አለች።

"ዛሬ ምን አስቆያችሁ? ውስጥ ያሉት ኤሊዎች ሳይቀሩ ጠየቁኝ እኮ።"

"አንዷ ኤሊ... መንገድ ላይ... ቀድማኝ ነው" አለ ኤርቪን። ይቺን ለማለት ሁለት ጊዜ አረፈ።

ሎንጊና ሳቀች፤ ከዚያ ትሩዳን አየችና ሳቋን ዋጠች።

ገብተው ሙዙ ሥር ካለችው አግዳሚ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ትሩዳ ካፖርቱን አወለቀችለት። አሥር ደቂቃ አለፈ። አሥራ አምስት አለፈ። ቅጠሉ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፤ የኤርቪን ደረት ግን እንደ አሮጌ ወናፍ እያፏጨ ነው፤ ከንፈሩም እንደ ጠቆረ ቀርቷል።

"ሻርፕህን ፍታው እንጂ።"

"ፈታሁት እኮ፣ ሴትዮ።"

አየችው፤ እውነትም ፈቶታል።

"ብርዱ ገና አልወጣልህም ማለት ነው።"

"አዎ" አለ ቶሎ ብሎ፤ "ብርዱ ነው።"

ሁለቱም ብርዱ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ትሩዳ በአሳማ ስብ የተቀባውን ጥቁር ዳቦና የኮመጠጠውን ኪያር ከቦርሳዋ አወጣች። ኤርቪን ዳቦውን ጭኑ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ይሄኔ ስልኳ ጮኸ። ዶሮታ ነበረች። ትሩዳ እንዳይሰማ ተነሥታ ቁልቋሎቹ ወዳሉበት ክፍል ሄደች።

"እማዬ፣ ደህና ናችሁ?"

"መስታወቱ ቤት ነን። መቼ እንነሣ?"

ከወዲያ የልጆች ጫጫታና የውሃ ድምፅ ይሰማል። የልጅ ልጆቿ መሆን አለባቸው።

"እማዬ... የፌርሚን እናት ታማ መጥታብናለች። ክፍሉን እሷ ይዛዋለች።"

"ለስንት ጊዜ?"

"እኔ እንጃ። አሮጊት ናት እኮ።"

"አባትሽስ ኮረዳ ሊያጭ ነው እንዴ የሚመጣው? እሱም ሽማግሌ ነው። ሶፋ ላይ እንተኛለን። እኔ ልቅር፤ እሱን ብቻ ውሰጂው።"

"አይሆንም፣ እማዬ። በሚቀጥለው ዓመት..."

"የሚቀጥለውን ዓመት ተዪው፣ ልጄ" አለች ትሩዳ። "የሚቀጥለው ዓመት የለውም።"

ዶሮታ ልጆቹ እየጠሯት እንደሆነ ተናግራ ዘጋች። ትሩዳ አንድ እሾሃም ግንድ ፊት ስልኳን እንደጨበጠች ትንሽ ቆመች። ብታለቅስ ደስ ይላት ነበር፤ እንባው ግን አልመጣም።

ስትመለስ ወንበሩ ላይ ዳቦው ብቻ ነው ያለው።

ደነገጠች። ዙሪያውን ስትቃኝ አየችው፤ ወደ ላይኛው ሰገነት የሚያወጣው የብረት ደረጃ ላይ ነው። በየክረምቱ አንድ ጊዜ እዚያ የመውጣት ልማድ ነበረው። ሃያ ስምንት ደረጃ ነው። የዘንባባዎቹን አናት ከቅርብ ያየ ሰው ክረምቱን በሰላም ያልፋል የሚል የራሱ እምነት ነበረው። ዘንድሮ ገና አልወጣም ነበር። አሁን አሥራ አንደኛው ላይ ተቀምጦ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ተደግፏል፤ ከላይ ደግሞ አንዲት አስተማሪ ሃያ የሚሆኑ ሕፃናት አሰልፋ ስትወርድ መንገዱ ተዘግቶባት ቆማለች።

ፊት ያለችው ጥርሷ የወለቀ ልጅ ጎንበስ ብላ አየችው።

"አባባ፣ ተበላሽተህ ነው?"

"ኧረ ነውር!" አለች አስተማሪዋ።

"ተያት... ልክ ናት" አለ ኤርቪን። "መለዋወጫ... እየጠበቅሁ ነው።"

ሕፃናቱ አንድ በአንድ ጎናቸውን እያጠበቡ አለፉት። አንዳንዱ ትከሻውን ይዞ ነው የሚያልፈው፤ እንደ ግድግዳ። ሲያልቁ ትሩዳ ወጥታ ከሥሩ ካለው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

"ማን ነበር የደወለው?"

ልትዋሸው አስባ ነበር። ግን አርባ አራት ዓመት አብራው ኖራ ውሸት ሞክራበት የተሳካላት ቀን አልነበረም።

"ዶሮታ ናት። የፌርሚን እናት ታማ መጥታ ክፍሉን ይዛዋለች።"

ኤርቪን ቀና ብሎ የቀሩትን ደረጃዎች አየ። ከደረቱ የሚወጣው ፉጨት ብቻ ይሰማል።

"የሰው እናት ቀደመችኝ በዪኛ።"

"ቀደመችህ።"

"ሶፋ አላት እኮ። ፎቶው ላይ አይቼዋለሁ። ቢጫ።"

"ጠየቅኋት፣ ኤርቪን።"

"እና?"

ኤርቪን በእጁ ጉልበቱን መታ፤ ተቆጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ቁጣም ትንፋሽ ይፈልጋል።

"ታዲያ እስከ ፀደይ... የት ነው የምተነፍሰው?"

ትሩዳ እጁን ያዘችው። እጁ በዚያ ሁሉ ሙቀት መሐል ቀዝቅዟል።

"እንውረድ" አለችው።

"እወጣለሁ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ግትርነትህን ዛሬ እንኳን ተው!"

"አሥራ ሰባት ነው የቀረው። ተነሽ፣ አግዢኝ።"

ብትከለክለው ትችል ነበር፤ ክንዱ ያን ያህል ቀሎ ነበር። ግን ምን ብላ ትከልክለው? በምን ልትተካለት? ከኋላ ደግፋ ገፋችው። በየደረጃው ላይ ያርፋሉ። ሃያኛው ላይ ሲደርሱ እሷም ላብ አጠመቃት። ሰገነቱን ሲረግጡ የሕፃናቱ ድምፅ ከሩቅ ክፍል ብቻ ነበር የሚሰማው።

ከላይ ሙቀቱ ከታቹ ይብሳል፤ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ፊት ላይ ይጣበቃል። የዘንባባዎቹ አናት ጣሪያው ላይ ደርሶ ጫፉ ነፍሯል። መስታወቱ ከውጭ በበረዶና በጥቀርሻ ስለ ተሸፈነ ከተማው አይታይም፤ ያለው ግራጫ ብርሃን ብቻ ነው። ኤርቪን ሁለት እጁን የሰገነቱ መከታ ብረት ላይ ጥሎ አፉን ከፈተ። ዘጋ። እንደገና ከፈተ።

"ትሩዳ" አለ፤ "አየሩ የት ሄደ?"

ከዚያ ወለሉ ላይ ተዘረረ።

ትሩዳ ሎንጊናን እየጠራች ጮኸች። አምቡላንሱ እስኪመጣ ሎንጊና ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ በትኬት መዝገቧ ታራግብለት ነበር። ከአምቡላንሱ የወረዱ ሁለት ጎልማሶች ኦክስጅን አፉ ላይ አድርገው ወንበር ላይ አሰሩትና በደረጃው አወረዱት። ሕፃናቱ ምሳቸውን ይዘው ፈዘው ያያሉ፤ አሁን ማንም ምንም አልጠየቀም። በሩ ጋ ሲደርሱ የውጭው ብርድ ገጭ አደረገው። ኤርቪን ያን ጊዜ እጁን ሰዶ የበሩን መቃን ጨበጠ።

"ይልቀቁ አባባ፣ ይልቀቁት" አለ አንዱ ጎልማሳ በደግነት።

አልለቀቀም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቀችው ትሩዳ ነበረች።

ሆስፒታል ውስጥ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ስለ ደሴቱ ዳግመኛ አላነሣም። ትሩዳ በየቀኑ ከጎኑ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፤ ስፋቱ እንደበዛበት ስታይ ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ነርሷ ትራሱን ልታስተካክል ስታነሣው፣ ሞተ።

የማዕድን ሠራተኞቹ የነሐስ ባንድ ጥቁር ልብሱን ለብሶ፣ ላባውን ቆቡ ላይ ሰክቶ፣ በረዶ ላይ ቆሞ ነፋለት። ሆርስትም መጥቶ ነበር። ዶሮታ ከአውሮፕላን ወርዳ በቀጥታ ወደ መቃብሩ መጣች፤ የለበሰችው ካፖርት ለዚያ ብርድ የሚሆን አልነበረም፤ በቀብሩ ሁሉ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር።

ሰው ከተበተነ በኋላ እናትና ልጅ ወጥ ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ትሩዳ የገብስ ሾርባ አቀረበች። ዶሮታ ማንኪያውን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው።

"እማዬ፣ የፌርሚን እናት አልመጣችም።"

ትሩዳ ቀና ብላ አየቻት።

"ክፍሉ ባዶ ነው። አሁንም ባዶ ነው። እኔ... ሌሊት ሌሊት ሲያጣጥር ልጆቹ ይሰሙታል ብዬ ነው። ቤቴ ውስጥ እንዳይሞትብኝ ፈርቼ ነው።"

ምድጃው ውስጥ ከሰሉ ተንኮታኩቶ ወደቀ። ትሩዳ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ደረቅ ነበር።

"ይቺን ለምን ነገርሽኝ?"

"ከበደችኝ፣ እማዬ።"

"እና ለእኔ አሸከምሽኝ።"

ዶሮታ አለቀሰች። ትሩዳ ተነሥታ አላቀፈቻትም፤ አልሰደበቻትምም። ሾርባዋ እንዳይቀዘቅዝ ሳህኑን ምድጃው ጫፍ ላይ አስቀመጠችላትና አልጋዋን ልታነጥፍላት ወደ ጓዳ ገባች።

ዶሮታ በማግስቱ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ትደውላለች። ልጆቹ ደህና ናቸው ትላለች፤ ፀሐዩ በርትቷል ትላለች። ትሩዳም፣ "እዚህ በረዶ ነው" ትላታለች፤ ከዚያ ይዘጋሉ።