ያልተተኛበት አልጋ

እናቴና ታላቅ ወንድሜ ቅዳሜ ጠዋት የሟቹን አልጋ ሊያወጡልኝ መጡ። ሟቹ ሰዓት ሠሪው ነው። ዘጠኝ ዓመት ተዋደን አብረን ኖርን፤ ለቤተሰቤ ግን ደባሌ ነበር፣ የቤት ኪራይ የሚጋራኝ ሰው። ከሞተ ሁለት ወሩ ነው። እስካሁን ከወገኖቼ አንድ ሰው እንኳ «እግዜር ያጥናህ» አላለኝም። የምፈልገው እሷኑ ቃል ብቻ ነበር።

«እዚህ ቤት የሚያስፈራ ነገር አለ» አለች እናቴ፣ ገና እግሯ ሳይገባ።

አልዋሸችም። ሻይ እየጠጣሁ ቁልፉ በሩ ላይ ሲዞር እሰማለሁ፤ ብድግ እላለሁ፤ ማንም የለም። ስተኛም ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ነው፣ የእሱን ቦታ ላለመያዝ።

ቤቱ ሁለት ክፍልና ሁለት አልጋ አለው። የትንሹ ክፍል አልጋ ለሰው ዓይን የተነጠፈ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንሶላውን ስንቀያይር ኖርን እንጂ ማንም አልተኛበትም። ወንድሜ በቀጥታ ወደሱ ሄደ።

እኛ እንግዲህ ፍራሽ ሠሪዎች ነን፤ አባታችን ሙያውን ያስተማረን በመዳፍ ነው። ወንድሜማ የደንበኛን ፍራሽ አንዴ ዳበስ አድርጎ «ባልሽ ወፍራም ነው፣ በቀኝ ጎኑ ይተኛል፤ አንቺን ጫፍ ላይ ጥሎሻል» እያለ ሴቶቹን በሳቅ የሚገድል ሰው ነው። አሁንም እንደ ልማዱ መዳፉን አሳረፈ። ጥጡ ዛሬ የተነደፈ ይመስላል። እጁ እዚያው ቆየ። በቃ፣ ዛሬስ ታየሁ አልኩ።

«ቀላል ሰው ነበር» አለና ፍራሹን መጠቅለል ጀመረ።

እናቴን እጇን ይዤ ወደ ትልቁ ክፍል አስገባኋት። ፍራሹ ላይ ሁለት ስርጉድ አለ፣ ጎን ለጎን።

«እማ፣ እሱ የሚተኛው እዚህ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች፣ አልጋ ልብሱን ጎትታ እያለበሰችው። «ሲወጣ ሰው ማየት ያለበት ግን ያኛውን ነው።»

እስከዛሬ የማያውቁ መስለውኝ ነበር። አለማወቃቸውን ይቅር ብያለሁ፤ ይሄን ግን ምን ላድርገው?

አልጋውን ከወንድሜ ጋር ተሸክመን ወጣን፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የማዶዋ ባለሱቅ ብቅ አለች።

«የሰዓት ሠሪው ነው? ነፍስ ይማር! እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ።»

«አሜን» አለች እናቴ። «ምስኪን፣ የኔ የሚለው ሰው እንኳ አልነበረውም።»

የያዝኩትን ጫፍ መንገዱ መሃል አስቀመጥኩት።

«ነበረው፣ እማ።»

ድምፄ ጮክ ብሎ ወጥቷል። ባለሱቋ አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቴን አየች። ወንድሜ ጀርባውን እንደሰጠኝ ቆመ።

«አንሳ እንጂ ልጄ፣ መንገድ ዘጋን» አለች እናቴ።

አነሳሁ።