ማንም የማይጨብጠው እጅ

አሮጊቷ ጊዘላ መሞት ካቃታት ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። ሐኪሙ ገና በሁለተኛው ቀን "ልባቸው አልቋል፣ ለነገም አይደርሱ" ብሎ ቦርሳውን ዘግቶ ሄዷል። እሷ ግን ቀኝ እጇን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግታ፣ መዳፏን ወደ ላይ ገልብጣ ሰው ትጠብቃለች። ከብረት ፋብሪካው አጥር አንስቶ እስከ ሐይቁ ድረስ ይህን ያልሰማ ከሀንጋሪ የመጣ ስደተኛ አልነበረም።

ሁሉም ሊጠይቃት ይመጣል፤ ማንም አይነካትም። ሴቶቹ የዶሮ ሾርባቸውንና የጎመን ጥቅላቸውን ኩሽና ያስቀምጡና እጃቸውን ሽርጣቸው ስር ሸሽገው መኝታ ቤቱ በር ላይ ይቆማሉ። ወንዶቹ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ቄሱ እንኳን፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ኢንዲያና ተወልደው እዚሁ የተማሩት ሰውዬ፣ "አጉል እምነት ነው፣ ያሳፍራል" እያሉ መዳፏን ቅዱስ ዘይት የቀቧት ጫፉ ላይ ጥጥ በጠቀለሉበት ስንጥር ነው። አፋቸው ካደ፣ እጃቸው አመነ። ከዚያም ቡና እንኳን ሳይጠጡ ወጡ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጊዘላ አዋቂ ናት። የሚፈስ ደም በቃል ታቆማለች፤ የጠፋ ዕቃ ያለበትን ትናገራለች። ከሁሉ የከፋው ግን ሙታን መጥተው ያናግሯታል። ፋብሪካው የአደጋ ጡሩምባ ሳይነፋ እሷ ጥቁር ሻሿን አስራ ትቀመጥ ነበር ይባላል፣ የሚባለው ደግሞ እውነት ነው። አዋቂ የያዘውን በእጁ ለሌላ ሰው ሳያስረክብ ነፍሱ አትወጣም። የጨበጣት ሰው ደግሞ ወደደም ጠላም ይወርሳታል።

ምራቷ ቪልማ ሃያ ሦስት ዓመት ከእሷ ጋር በአንድ ጣራ ስር የኖረችው ወዳት አይደለም። የቪልማ ባል፣ የጊዘላ አንድ ልጅ፣ ካልማን ይባል ነበር። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ፣ ሙቀቱ ውሻ እንኳን ከጥላ በማይወጣበት ቀን፣ ካልማን ወደ ሥራ ሊሄድ ሲል እናቱ በሩ ላይ አቆመችው። የሸሚዙን ቁልፎች ከታች እስከ አንገቱ አንድ በአንድ ቆለፈችለት።

"እማዬ፣ ልታፍኚኝ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

"ቀስ ብለህ ሂድ" አለችው። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ከሰዓት በኋላ ፋብሪካው ውስጥ የቀለጠ ብረት የተሸከመው ሰንሰለት ተበጠሰ። የካልማን የሬሳ ሣጥን ተከፍቶ አልታየም። ቪልማ ያን ቀን ወደ ቤት ስትሮጥ አማቷ ጥቁር ሻሿን አስራ ተቀምጣ አገኘቻት። ታውቅ ነበር፤ ታውቅ ነበርና ዝም አለች። ቪልማ ይህን እንደ እሾህ ውጣ ሃያ ሦስት ዓመት ሾርባ አብስላ አበላቻት።

አሁን ግን ቂሙም ቢሆን ከጭንቀቷ አይበልጥም። ጭንቀቷ አንድ ነው፤ ልጇ ቴርካ ያን እጅ እንዳትጨብጥ።

ቴርካ የመጣችው በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ነው፣ ከቺካጎ፣ ድምፅ መቅረጫ ቴፕ ተሸክማ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አስተማሪ ናት። ያችን ለመከር በዓል የምትለብሳትን ቀይ አበባ የተጠለፈባት ሸሚዝ ለብሳ ነበር፣ በሥራ ቀን።

"ዛሬ ምን በዓል አለ?" አለች ቪልማ።

"አያቴን ልሰናበት ነው የመጣሁት። ደግሞ ልወርሳት።"

ቪልማ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። "ምኗን? ጥርሷን?"

"አትቀልጂ፣ እማዬ። እጇን እይዛለሁ። ማንም ካልያዘላት እንዲህ እየተሰቃየች ትቆይ?"

"ማን ነው ይሄን የነገረሽ?"

"ሁሉም ያውቃል! እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። እኔን የጎመን ጥቅልና ጭፈራ ብቻ ነው ያስተማርሽኝ። ተማሪዎቼ 'ሀንጋሪ ማለት ምንድነው?' ሲሉኝ ቀሚሴን እያሽከረከርኩ እጨፍርላቸዋለሁ። እንደ ዝንጀሮ! እውነተኛውን ደበቅሽኝ።"

"እውነተኛው ሰው ይበላል፣ ልጄ። ቀሚሱ ይሻልሻል።"

ቴርካ ቴፗን አንስታ ወደ አያቷ ክፍል ገባች። ቪልማ ተከተለቻት፤ በአልጋውና በልጇ መሃል ወንበር አስገብታ ተቀመጠች። ቴፑ ይሽከረከራል፤ የሚቀዳው የአሮጊቷን ትንፋሽ ብቻ ነው። አንዳንዴ አሮጊቷ ዓይኗን ገልጣ ማንም ወደሌለበት ጥግ ታይና ፈገግ ትላለች። በዚያ ሰዓት ቴርካ ክንዷን ታሻለች፣ በረዳት መሰለኝ።

ከላይ ጣራው ላይ መዶሻ ይጮሃል። ጎረቤታቸው አምብሩሽ ነው። ነፍስ መውጫ እንዳታጣ ከአልጋው ትይዩ አንድ የጣራ ሳንቃ ይነሳል፤ አምብሩሽም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት ልጨርስ ብሎ ወጥቷል። የካልማን ጓደኛ ነበር። ሚስት ሳያገባ ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላው፣ የሰፈሩን መበለቶች ሁሉ "በሚቀጥለው ዓመት አገባሻለሁ" እያለ የሚያስቅ ሰው ነው።

"እማማ ጊዘላ!" ብሎ በቀዳዳው አንገቱን አስገባ። "በሩን ከፍቻለሁ! ሰማይ ቤት ሲደርሱ አጎቴን 'አረቄውን የት ደበቅኸው' ብለው ይጠይቁልኝ!"

አሮጊቷ ቀና ብላ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቪልማ መላ አላጣችም። የሚጨብጥ ሰው ከታጣ መጥረጊያ ያስጨብጧታል፤ ነገሩ ወደ እጀታው እንጨት ይገባል፤ እንጨቱን ያቃጥሉታል፤ አለቀ። የእናቷ እናት በሀገር ቤት፣ በሀንጋሪ፣ እንዲህ ነው የተሸኘችው። ቪልማ በማለዳ ሱቅ ሮጣ አዲስ መጥረጊያ ገዝታ ነበር። አምብሩሽ ከጣራው እስኪወርድ ጠበቀች። ቴርካን "ሾርባውን አሙቂ" ብላ ኩሽና ሰደደቻትና መጥረጊያውን አምጥታ እጀታውን በዚያ መዳፍ ላይ አኖረችው።

"እማማ፣ ይያዙ። ይጭበጡና ይረፉ።"

አሮጊቷ ጣቶቿን ጠቀለለች። ቪልማ ጠበቀች። አሮጊቷ ዓይኗን ገለጠች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እየሳቀች ነበር።

"ቆርቆሮ ነው" አለች።

ቪልማ እጀታውን በጥፍሯ ፋቀችው። የእንጨት መልክ የተቀባ ነው እንጂ ውስጡ ባዶ ቆርቆሮ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይሄ ነው። የቤቱን አሮጌ የእንጨት መጥረጊያ ደግሞ እሷው ራሷ በፋሲካ ጽዳት "ይሄ ኋላቀር ነገር" ብላ ጥላዋለች። እንጨት እንኳን በሌለበት ሀገር እንዴት ይሞታል? አምብሩሽን ጠራችው።

"ሩጥ! የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ የእንጨት መጥረጊያ አለ። ምድር ቤት፣ ከወንበሮቹ ኋላ።"

"ለመጥረጊያ እንዲህ የሮጠ ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለ አምብሩሽ። "በሚቀጥለው ዓመት ባታገቢኝ ነግሬሻለሁ!" እየሳቀ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ አሮጊቷ "ቪልማ፣ ጠጋ በይ" አለች። ድምፅዋ ከወትሮው የጠራ ነበር። ቪልማ እጆቿን ከጀርባዋ አጣምራ ጎንበስ አለች።

"ያን ቀን ለምን ዝም እንዳልኩ ጠይቀሽኝ አታውቂም።"

"ምን ብዬ ልጠይቅዎ? አውቀው ሰደዱት።"

"አባቴ ነው የነገረኝ። ሞቶ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ ከካልማን ኋላ ቆሞ ትከሻውን ይዞት መጣ። ብናገር ካልማን ይተርፍ ነበር።" አሮጊቷ ትንፋሽ ሰበሰበች። "ሞት ግን ባዶ እጁን አይመለስም። አዋቂ ከተናገረች ይዞርና ከገዛ ጣራዋ ስር ታናሹን ይወስዳል። መስኮቱ ስር ማን ተኝቶ ነበር?"

ቪልማ መልሱን ታውቀዋለች። ቴርካ ነበረች። ሦስት ዓመቷ፣ በካልሲዋ ብቻ፣ ወለሉ ላይ በተነጠፈ አንሶላ ላይ።

"ልጄን ለልጅሽ ሰጠሁ" አለች አሮጊቷ። "ከዚያ ወዲህ እሱ ነው መጥቶ የሚነግረኝ። ካልማን።"

ቪልማ ሃያ ሦስት ዓመት የዋጠችው እሾህ ወጣ፤ የወጣበት ቦታ ግን ይበልጥ አመማት። ይቅርታ ማለት ፈለገች። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ቅናት ያዛት። ካልማን እዚህ ቤት ሲመላለስ ኖሯል። እሷ ኩሽና ሳህን ስታጥብ፣ እሱ እዚህ ጥግ ላይ።

"መጥረጊያ አትፈልጉ" አለ ከኋላዋ ድምፅ። ቴርካ ናት። የተጠለፈውን እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባለች። "እኔ አለሁ። አያቴ፣ ስጪኝ።"

"ቴርካ፣ ቁሚ!"

"የእኔም ነው እኮ፣ እማዬ! ለምን ሁልጊዜ—"

ወንበሩን ገፍታ አለፈች። የአሮጊቷ ጣቶች ወደ ልጅቷ ሲከፈቱ ቪልማ አየች። በምድር ላይ የቀራት አንድ ልጅ ናት። ማሰቢያ ጊዜ አልነበራትም፤ ከጀርባዋ ያጣመረችውን እጅ ፈትታ ያን መዳፍ እሷ ቀድማ ጨበጠችው።

የጉድጓድ ውኃ ውስጥ እጅ እንደ መክተት ነበር። ቅዝቃዜው እስከ ክርኗ፣ እስከ ትከሻዋ ወጣ። ከዚያ ጆሮዋ ተከፈተ፤ በተዘጋ በር ኋላ ብዙ ሰዎች ሲያወሩ ኖረው አንድ ሰው በሩን የከፈተው መሰላት። ጊዘላ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች። በጣራው ቀዳዳ የገባ ነፋስ መጋረጃውን አነሳውና አስቀመጠው። በዘጠነኛው ቀን አሮጊቷ ሞተች።

ቴርካ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። "ነጠቅሽኝ" አለች። "ሁሉን ነገር ትነጥቂኛለሽ።"

ቪልማ የሟቿን ዓይን ከደነች፤ ቴፑን አጠፋች። ምናልባት ምንም አይሆን ይሆናል ብላ አሰበች። ምናልባት የሀገር ቤት ነገር እዚህ ድረስ አቅም የለውም።

"አገኘሁልሽ!" የሚል ድምፅ ከደጅ መጣ።

አምብሩሽ ነው። በሩ ላይ ቆሟል፤ በአንድ እጁ ወፍራም የእንጨት እጀታ ያለው መጥረጊያ፣ በሌላው የምሳ ሣጥኑ። የጥቅምቱ ብርድ ጉንጩን አቅልቶታል። ከኋላው ካልማን ቆሟል።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ እንደ ያኔው። በዚያ ብርድ የሐምሌ ሸሚዙን ብቻ ለብሷል፤ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። አንድ እጁ የአምብሩሽ ትከሻ ላይ አርፏል። ቪልማን አየና ፈገግ አለላት፤ ሃያ ሦስት ዓመት በሕልሟ እንኳን የለመነችውን ፈገግታ።

"ዛሬ" አላት ካልማን። "ከማምሻው በፊት።"

አምብሩሽ አልሰማም። ፊታቸውን አይቶ ነገሩ ገባውና ባርኔጣውን አወለቀ። "አረፉ? ያለ መጥረጊያ? ማን ጨ—" ብሎ የቪልማን እጅ አየና ጥያቄውን ዋጠው። "እግዜር ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ዘግይቻለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ማታ መጥቼ አብሬ አመሻለሁ፣ እሺ?"

ቪልማ አፏን ከፈተች። አትሂድ፤ አንዲት ቃል ናት። ምላሷ ላይ ተቀምጣለች። አርባ ዓመት የምታውቀው፣ የባሏን ሬሳ ሣጥን በአንድ ጫፍ የተሸከመላት፣ በየክረምቱ ደጇን ጠርጎ ዋጋ የማይጠይቃት ሰው ነው። ካልማን ከአምብሩሽ ትከሻ በላይ ወደ ቤቱ ውስጥ ተመለከተ። ቪልማም ዘወር ብላ ያየውን አየች። ቴርካ ከመኝታ ቤቱ ወጥታ፣ ዓይኗን በተጠለፈው እጅጌ እየጠረገች፣ በገዛ ጣራቸው ስር ቆማ ነበር። በቤቱ ውስጥ ከእሷ የሚያንስ ማንም የለም።

ቪልማ አፏን ዘጋች።

ወደ አምብሩሽ ሄደች። ኮቱ እንደ ልማዱ ተበርግዷል። ከታች ጀመረች። አንዱን ቁልፍ፣ ሌላውን፣ ሌላውን፣ እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፈችለት።

"ልታፍኚኝ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ አምብሩሽ። "ገና ሳታገቢኝ?"

"ቀስ ብለህ ሂድ" አለችው።

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ። ሁለቱ ሰዎች በመንገዱ ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ አንዱ እያፏጨ፣ እስኪታጠፉ ድረስ አየቻቸው። ከዚያ የአማቷን ጥቁር ሻሽ ከመስቀያው አውርዳ አሰረች።

"እማዬ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል" አለች ቴርካ። ንዴቷ በርዶላት ነበር። "ነይ፣ ተቀመጪ። እጅሽን ስጪኝ።"

ቪልማ ሁለቱንም እጆቿን ሽርጧ ስር ከተተች።